የሜጋኸርዝ እሽቅድምድምና እኔ የጻፍኩት ስፔሲፊኬሽን

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ዝግጅት ላይ የተደረገ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ሲደውልልኝ «ሃያ ደቂቃ አለህ፤ ከሙያህ ጋር የተያያዘ፣ ግን ሰው የማያስተኛ ነገር አዘጋጅ» አለኝ። ስልኩን ሊዘጋ ሲል ደግሞ «ከምሳ በኋላ ነው» ብሎ ጨመረ። ክትፎ በልቶ ለተቀመጠ ሰው ስለ ፕሮሰሰር ማውራት ምን እንደሚመስል አሁን ከዚህ ላይ ሆኜ እያየሁት ነው።

የማወራችሁ ስለ አንድ ውድድር ነው። ሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎች፣ ኢንቴልና ኤኤምዲ፣ «የማን ቺፕ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይመታል?» እየተባባሉ ስለሮጡት ረጅም ሩጫ። መጨረሻ ላይ ግን ወደ ራሴ መመለሴ አይቀርም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ለተቀመጠ አንድ ሰው ሃያ ሦስት ዓመት ያዘገየሁት ቃል አለብኝ። ዓመተ ምሕረቱ እንዳያምታታችሁ፣ የአሜሪካኖቹን ታሪክ በእነሱ አቆጣጠር፣ የእኛን ደግሞ ዓ.ም. እያልኩ በእኛው እጠራለሁ።

በ1988 ዓ.ም. ነው። አምስት ኪሎ፣ የኮምፒዩተር ላቦራቶሪ። የዚያን ጊዜ የኮምፒዩተር ሣጥኖች ፊታቸው ላይ ሁለት አሃዝ የምታሳይ ትንሽ መብራት ነበረቻቸው፤ ከጎኗ ደግሞ «ቱርቦ» የሚል መጫኛ። ትዝ አላችሁ? መጫኛውን ስትነኩት 33 ይላል፣ ደግማችሁ ስትነኩት 66። ከክፍላችን ልጆች አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የአንዱን ማሽን ክዳን ከፍቶ ከመብራቷ ጀርባ ያሉትን ጃምፐሮች አነሳ፣ ሰካ፣ መልሶ ዘጋው። ሰኞ ጠዋት ያ ማሽን 99 እያሳየ ጠበቀን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሌሎቹ ማሽኖች ባዶ ቁጭ ብለው እኛ «ዘጠና ዘጠኟ» ጋ ተሰለፍን። የፎርትራን ፕሮግራሜን እዚያ ላይ አስኬጄ «ኧረ በግልጽ ይፈጥናል!» ብዬ የማልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ያቺ መብራት ምንም አትለካም ነበር እኮ። የምታሳየው ቁጥር ሣጥኑን የገጣጠመው ሰው በጃምፐር የመረጠላትን ነው። 12 ቢላት 12፣ 88 ቢላት 88። ልጁ ሐሙስ ዕለት እውነቱን ሲነግረን በሳቅ ልናልቅ ነበር። ስቀን ረሳነው። እኔ በተለይ ረሳሁት።

አሁን ሜጋኸርዝ የሚባለውን ነገር ላብራራ፣ ሕግና ኢኮኖሚክስ ያጠናችሁም ስላላችሁ። ፕሮሰሰር ውስጥ ክሎክ አለ፤ ከበሮ በሉት። አንድ ሜጋኸርዝ ማለት በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ምት ነው፤ አንድ ጊጋኸርዝ ደግሞ ሺህ ሚሊዮን። በአንድ ጊጋኸርዝ፣ በአንዷ ምት ውስጥ ብርሃን እንኳ የሚጓዘው 30 ሳንቲሜትር፣ የአንድ ማስመሪያ ርዝመት ብቻ ነው። ከበሮው በመታ ቁጥር ቺፑ አንድ እርምጃ ይራመዳል። በእርምጃዋ ስንት ሥራ እንደሚሠራ ግን ከበሮው አይናገርም። ፍጥነት የሁለቱ ብዜት ነው፦ በሰከንድ ስንት ምት፣ በምት ስንት ሥራ። የመጀመሪያው ሣጥኑ ላይ በትልቁ ይጻፋል፤ ሁለተኛው አይጻፍም። ጠቅላላ ንግግሬ ይኸው ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚተኛ ይተኛ።

ሁለቱ ተወዳዳሪዎች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሮበርት ኖይስና ጎርደን ሙር ከፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተር ወጥተው በ1968 ኢንቴልን አቋቋሙ። ጄሪ ሳንደርስና ሌሎች የፌርቻይልድ ሰዎች ደግሞ በ1969 ኤኤምዲን። የፌርቻይልድ ምሩቃን ማኅበር ቢኖር ኖሮ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ ነበር። መሥሪያ ቤታቸውም ካሊፎርኒያ ውስጥ ጎረቤት በሆኑ ሁለት ከተሞች፣ በሳንታ ክላራና በሳኒቬል ነበር።

አይቢኤም በ1981 የመጀመሪያውን ፒሲ ሲያወጣ የመረጠው የኢንቴልን 8088 ነው፤ ምቱ 4.77 ሜጋኸርዝ። ነገር ግን በአንድ አቅራቢ ላይ መንጠልጠል ስላልፈለገ ሁለተኛ አምራች እንዲኖር ጠየቀ። ኢንቴልና ኤኤምዲ በ1982 ተፈራረሙ፤ ኤኤምዲ የኢንቴልን ንድፍ በፈቃድ ማምረት ቀጠለ። በ1985 ተራው የ386 ሲሆን ግን ኢንቴል «ይህን ብቻዬን ነው» አለ። ነገሩ ክርክር ውስጥ ገባ፤ ዓመታትም ፈጀ። ኤኤምዲ የራሱን 386 በ1991 ይዞ ሲመጣ ከኢንቴሉ የሚለይበት ብዙ ነገር አልነበረውም። በአንድ ነገር ግን በለጠ፦ የኢንቴሉ 33 ሜጋኸርዝ ላይ ሲቆም የእሱ 40 ደረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቁጥሩ ውሸታም ሆኖ አልተወለደም። ሁለት ውስጣቸው አንድ ዓይነት የሆነ ቺፕ ጎን ለጎን ስታስቀምጡ፣ 40 ከ33 ይበልጣል፤ ሥራውም በዚያው ገደማ ይፈጥናል። ሰዉ ቁጥሩን ያመነው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ለዓመታት እውነት ስለነገረው ነው። እምነት የሚሰበረውም እኮ መጀመሪያ ከታመነ በኋላ ነው።

በ1993 ፔንቲየም መጣ፤ 60 እና 66 ሜጋኸርዝ። 586 ያልተባለው ባዶ ቁጥር የንግድ ምልክት ሊሆን ስለማይችል ነው። ከዚያ ወዲህ የተወዳዳሪዎቹ ቺፖች ውስጣቸው እየተለያየ ሄደ። ከበሮው የተለያየ፣ እርምጃውም የተለያየ። ገዢው ግን አሁንም የሚያየው ከበሮውን ብቻ ነው። ሳይሪክስ የሚባል ሦስተኛ ኩባንያ በ1996 በ150 ሜጋኸርዝ የሚመታ ቺፑን «200+» እያለ ሸጠው፤ «በሥራ ከ200 ጋር እኩል ነኝ» ማለቱ ነበር። ይቺን ፕላስ አትርሷት፤ ኋላ ትመጣለች።

ሩጫው የጋለው በ1999 ኤኤምዲ አትሎንን ሲያወጣ ነው። ሁለቱም ዓይናቸው አንድ ክብ ቁጥር ላይ ነበር፤ አንድ ሺህ ሜጋኸርዝ። በማርች 6 ቀን 2000 ኤኤምዲ የ1 ጊጋኸርዝ አትሎንን አስታወቀ። በማርች 8 ኢንቴል የ1 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 3ን አስታወቀ። ሁለት ቀን! አንዱ በ1,299 ዶላር፣ ሌላው በ990 ዶላር። ከ4.77 ተነስቶ 1000 ለመድረስ 19 ዓመት ፈጅቶ፣ በመጨረሻ የተቀዳደሙት በሁለት ቀን ነው።

የተቀደመ ሰው ምን ያደርጋል? ይቸኩላል። በጁላይ 31 ቀን 2000 ኢንቴል 1.13 ጊጋኸርዝ የሚመታ ፔንቲየም 3 አወጣ። ጥቂት ገለልተኛ ፈታሾች ቺፑን ይዘው የሊኑክስን ከርነል ኮምፓይል እናድርግ ቢሉ አልሆን አላቸው፤ መሐል ላይ ይቆማል። ኢንቴል መጀመሪያ ቢያንገራግርም ኦገስት ሳያልቅ ስህተቱን አምኖ ቺፑን ከገበያ ሰበሰበ። አንድ ወር እንኳ አልሞላውም።

ከዚያ በኖቬምበር 2000 ፔንቲየም 4 መጣ። ይህ ቺፕ ከሥር ጀምሮ ለከበሮው ተብሎ የተነደፈ ነበር። ምን ማለቴ እንደሆነ ከሲቪል ኢንጂነሮች ምሳሌ ልዋስ።

ሶሌታ የሚሞላበት ቀን ነው። ሚክሰሩ አንድ ጫፍ፣ የሚሞላው ቦታ ሌላ ጫፍ፤ መሐል ላይ አሥር የቀን ሠራተኞች ኮንክሪቱን በባልዲ ይቀባበላሉ። አለቃው «ሆ!» ባለ ቁጥር ሁሉም የያዘውን ለቀጣዩ ያስተላልፋል። እያንዳንዱ ሠራተኛ ሁለት እርምጃ መሄድ ስላለበት «ሆ!» ከዚያ በላይ ሊፈጥን አይችልም። አሁን ሠራተኛውን ሃያ አድርጉት። ለእያንዳንዱ አንድ እርምጃ ብቻ ደረሰው። አለቃው በእጥፍ ፍጥነት «ሆ! ሆ! ሆ!» ማለት ይችላል። አንዷ ባልዲ ከጫፍ እስከ ጫፍ የምትወስደው ጊዜ ያው ነው፤ ሁሉ ነገር ከሰመረ ግን በሰዓት የሚደርሰው ባልዲ ይበዛል።

ከሰመረ ነው ያልኩት። ፎርማኑ ከላይ ሆኖ «ኧረ ቁሙ! በዚህ አይደለም፣ በዚያኛው በኩል ነው!» ብሎ ቢጮህስ? መንገድ ላይ ያለው ባልዲ ሁሉ ይደፋል። አሥር ከነበረ አሥር፣ ሃያ ከነበረ ሃያ። ፕሮግራም ደግሞ «እንዲህ ከሆነ በዚህ፣ ካልሆነ በዚያ» የሚል መንታ መንገድ የሞላበት ነገር ነው። ቺፑ የቱን እንደሚይዝ ቀድሞ ይገምታል፤ ግምቱ ሲስት የጀመረውን ሁሉ ይደፋና እንደገና ይጀምራል። የፔንቲየም 3 ሰልፍ አሥር ደረጃ ገደማ ነበር። የፔንቲየም 4 ሃያ ሆነ። በ2004 የመጣው ፕሬስኮት የተባለው ዝርያ 31 ደረሰ።

ስለዚህ ፔንቲየም 4 በ1.4 እና በ1.5 ጊጋኸርዝ ብቅ ሲል በብዙ የዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ከራሱ ታላቅ ወንድም ከ1 ጊጋኸርዙ ፔንቲየም 3 ብዙም አልራቀም፤ አንዳንዴም ተበለጠ። ሣጥኑ ላይ ግን 1.5 ከ1 ይበልጣላ! አፕል በጁላይ 2001 ኒውዮርክ ላይ መድረክ ወጥቶ ይህን «የሜጋኸርዝ ተረት» ብሎ ሲያስረዳ ብዙ ሰው የተሸናፊ ሰበብ አድርጎ ነው የሰማው። ኤኤምዲ በኦክቶበር 2001 የሳይሪክስን ፕላስ ከሞት አስነሳት፦ 1.4 ጊጋኸርዝ የሚመታውን ቺፑን «አትሎን ኤክስፒ 1600+» አለው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንመለስ።

በ1994 ዓ.ም. እኔና ያ ባለ ጃምፐሩ የክፍላችን ልጅ አንድ መሥሪያ ቤት ነበርን። የመሥሪያ ቤቱ ስም ምንም አያደርግም። ለኮምፒዩተር ግዥ በጀት ተፈቀደና ስፔሲፊኬሽኑን እንድጽፍ እኔ ተመደብኩ። ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም። «የፕሮሰሰር ፍጥነት፦ ከ1.7 ጊጋኸርዝ ያላነሰ።» ለምን 1.7? ጋዜጣ ላይ ባየሁት ማስታወቂያ ላይ ስለነበረ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ዛሬም የለኝም።

ጨረታው ሲከፈት ከሦስቱ ተወዳዳሪዎች ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ገና ሱቅ የከፈተ አንድ ወጣት ነበር። ያቀረበውም አትሎን ኤክስፒ 1600+። ኮሚቴው ጠርቶ ጠየቀው።

«ይቺ ፕላስ ምንድን ናት?»

«ምቱ 1.4 ነው ጌታዬ፤ ሥራው ግን ከዚያኛው 1.6 አያንስም።»

«ታዲያ ለምን 1600 ብለህ ጻፍክ?»

«ስሙ ነው። ፋብሪካው ነው እንዲህ ያለው።»

የኮሚቴው ሰዎች ተያዩ። ከቁጥር በኋላ ፕላስ ያየ የጨረታ ኮሚቴ ምን እንደሚያስብ መቼም ታውቃላችሁ። ልጁ ሊያስረዳ ወረቀት አወጣ፤ ማን ይየው። ያን ጊዜ ጓደኛዬ እጁን አነሳና «ማሽኑን ለአንድ ቀን ያምጣልንና የራሳችንን የደመወዝ ፕሮግራም እናስኪድበት» አለ። የመለስኩለትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «1.4 ከ1.7 ያንሳል። ይህን ለማወቅ ኢንጂነሪንግ መማር አያስፈልግም።»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ከተጠየቀው ዝርዝር መግለጫ በታች በመሆኑ ውድቅ ተደርጓል» ተብሎ ሰፈረ። ወጣቱ ወረቀቶቹን ሰብስቦ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ።

ሃያ ማሽን ገዛን። በዚያ ልጅ ዋጋ ሃያ ስድስት ይመጣ ነበር። ስድስት ሠራተኞች በታይፕራይተርና በካርቦን ወረቀት ቀጠሉ። ከእነሱ መሐል ጡረታቸው የተቃረበ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ጸሐፊ ነበሩ። ኮሪደር ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ልጄ፣ የኔስ መቼ ነው የሚመጣው?» ይሉኛል። «በቅርቡ ነው እትዬ» እላለሁ። ሳይመጣላቸው ጡረታ ወጡ።

ማሽኖቹ ከገቡ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጓደኛዬ የወሩን ደመወዝ ሥራ በአሮጌው 1 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 3 ላይ አስኬደው፤ ከዚያ ያንኑ ሥራ በአዲሱ 1.7 ፔንቲየም 4 ላይ ደገመው። በእጅ ሰዓቱ ለካ። አሮጌው 11 ደቂቃ። አዲሱ 10 ደቂቃ ተኩል። 70 በመቶ ሜጋኸርዝ ጨምረን ግማሽ ደቂቃ አተረፍን። ጥፋቱ የቺፑ ብቻ አልነበረም፤ የመጣልን ማዘርቦርድ የድሮውን ኤስዲራም ሚሞሪ የሚጠቀም ስለነበር ቺፑ ዳታ እየጠበቀ ነበር የሚውለው። እሱም የኔው ጥፋት ነው። ስፔሲፊኬሽኑ ላይ የራሙን መጠን ጻፍኩ፣ ዓይነቱን አልጻፍኩም።

ውጤቱን በስኩዌር ወረቀት ላይ አስፍሮ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ምንም አላለኝም። እኔም ምንም ሳልል መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለኮሚቴው አላሳወቅሁም። በሚቀጥለው ዓመት ለሁለተኛው ዙር ግዥ ስፔሲፊኬሽን ስጽፍስ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? 1.7 የሚለውን ሰርዤ 2.4 አደረግሁት። እሱ በዚያው ዓመት ሥራ ለቀቀ። በእኔ ምክንያት ነው ብሎ አያውቅም። ሠርግና ለቅሶ ላይ ሰላም እንባባላለን፤ ቤት ለቤት መጠያየቁ ግን ቀረ።

ሩጫው እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ። የቆመው በተወዳዳሪ አይደለም፤ በሙቀት ነው።

አንድ ቺፕ የሚበላው ኃይል ከምቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ደግሞ በብዜት ይጨምራል። ምቱን ማፍጠን ስትፈልጉ ቮልቴጁንም ከፍ ማድረግ ይመጣል፤ ስለዚህ ትንሽ ፍጥነት በብዙ ሙቀት ይገዛል። ለብዙ ዓመታት ያዳነን ነገር የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ በ1974 የጻፉት ነው፦ ትራንዚስተሩ ሲያንስ ቮልቴጁም አብሮ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም በየካሬው እንደነበረ ይቆያል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ይህ አበቃ። ትራንዚስተሮቹ በጣም ከማነሳቸው የተነሳ ተዘግተውም ማፍሰስ ጀመሩ፣ እንደሚያንጠባጥብ ቧንቧ። ቮልቴጁም ከዚያ በላይ አልወርድ አለ።

የኢንቴሉ ፓት ጌልሲንገር በፌብሩዋሪ 2001 በአንድ ትልቅ የሙያ ጉባኤ ላይ ይህን አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፦ በዚህ አካሄድ ከቀጠልን ቺፕ በየካሬ ሳንቲሜትሩ እንደ ኒውክሌር ማብላያ፣ ከዚያም እንደ ሮኬት አፍ፣ ኋላም እንደ ፀሐይ ገጽ ይግላል የሚል ነበር ሐሳቡ። እኔ በቤታችን ዕቃ አስልቼዋለሁ። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን 3500 ዋት ገደማ ይወስዳል እንበል፤ ዲያሜትሩ 60 ሳንቲሜትር ቢሆን በአንድ ካሬ ሳንቲሜትር ከአንድ ዋት ትንሽ በላይ ነው። በዚያ እንጀራ ይበስላል። ፕሬስኮት ስፋቱ 1.12 ካሬ ሳንቲሜትር ነው፤ ፈጣኑ ዓይነት የሚያወጣው ሙቀት 115 ዋት። ምጣዳችንን ሰማንያ እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ከላዩ ያለው ፋን እንደ አውሮፕላን ቢጮህ ምን ይገርማል?

ኢንቴል ይህን ንድፍ ወደ 10 ጊጋኸርዝ እናደርሰዋለን ይል ነበር። በሜይ 2004 ቀጣዩን ቺፕ፣ ቴጃስን፣ ሰረዘ። በኦክቶበር 2004 ደግሞ ቃል የገባውን የ4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 እንደማያወጣ አስታወቀ። በዚያው ወር የኢንቴል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ክሬግ ባሬት ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ውስጥ በተደረገ ጉባኤ ላይ፣ በሺዎች በሚቆጠሩ ደንበኞች ፊት፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። ግማሹ ቀልድ ነበር። ግማሹ ግን አልነበረም። የፔንቲየም 4 የመጨረሻው ከፍታ 3.8 ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ሁለቱም መንገድ ቀየሩ። በ2005 ሁለት ኮር ያላቸውን ቺፖች አወጡ፤ አንድ ሠራተኛ ከማስሮጥ ሁለት ሠራተኛ መቅጠር። እስራኤል፣ ሃይፋ ያለው የኢንቴል ቡድን ደግሞ ለላፕቶፕ ብሎ በዝግታ የሚመታ፣ በእያንዳንዷ ምት ግን ብዙ የሚሠራ ንድፍ ሲሠራ ቆይቶ ነበር። በጁላይ 2006 የወጣው ኮር 2 ዱዎ ከዚያ ዘር ነው። ከፍተኛው 2.66 ጊጋኸርዝ ሆኖ 3.8 የነበረውን ፔንቲየም 4 ጥሎት ሄደ። ኢንቴል ራሱ የገዛ ቁጥሩን ክዶ አሸነፈ ማለት ነው። ኤኤምዲም ንጹሕ አይደለም፤ በ2013 ባለ 5 ጊጋኸርዝ ቺፕ ብሎ ያወጣው 220 ዋት የሚበላ ነበር፤ በሥራ ግን ብዙ ጊዜ በዝግታ በሚመቱት የኢንቴል ቺፖች ይበለጥ ነበር።

ሁለት ነገር ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ የፔንቲየም 4 ገዢዎች «ከእውነቱ በላይ ፈጣን አስመስላችሁ ሸጣችሁልን» ብለው ከሰው በ2014 በስምምነት አለቀ፤ ኢንቴል ጥፋተኛ ነኝ ሳይል፣ እስከ 2001 መጨረሻ ለገዙት 15 ዶላር ለእያንዳንዱ። በ2024 ደግሞ፣ እስከ 6 ጊጋኸርዝና ከዚያ በላይ የሚደርሱትን ጨምሮ በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ የኢንቴል ቺፖች ላይ ማሽን የሚያቆም ችግር ታየ፤ ምክንያቱ ከሚገባው በላይ የሆነ ቮልቴጅ ነበር። ኢንቴል ማስተካከያ አውጥቶ ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዘመ። ከ4.77 እስከ 1000፣ በ19 ዓመት ከ200 እጥፍ በላይ። ከ3.8 እስከ 6.2፣ በ20 ዓመት እጥፍ እንኳ አልሞላ።

አሁን ዕቃ የምትገዙ፣ ስፔሲፊኬሽን የምትጽፉ፣ ኮሚቴ የምትቀመጡ ብዙ ናችሁ። ሜጋኸርዝ ቢሞትም ወንድሞቹ አልሞቱም። ዛሬ «ስንት ኮር ነው?» ይባላል፤ 192 ኮር ያለው የሰርቨር ቺፕ አለ፤ ፕሮግራሙ በአንድ ኮር ብቻ የሚሠራ ከሆነ 191ዱ ቁጭ ብለው ያያሉ። «ስንት ናኖሜትር ነው?» ይባላል፤ ያ ቁጥር ዛሬ ስም ነው እንጂ ቺፑ ውስጥ በማስመሪያ የሚገኝ ልክ አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ስትጽፉ ቁጥሩን ሳይሆን ሥራውን ጻፉ፦ «ይህን ያህል ሠራተኛ ደመወዝ በይህን ያህል ደቂቃ የሚጨርስ» በሉ። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ማሽን አስመጥታችሁ በራሳችሁ ሥራ ሞክሩ፤ አንድ ቀን ነው የሚፈጀው። ከተሳሳታችሁም ውጤቱን መሳቢያ ውስጥ አትክተቱ።

ስለ ሰው ብዙ አልልም። እዚህ ግቢ ውስጥ ስንቱን በጂፒኤ ብቻ መዝነን ሰቃይ ነው አይደለም እንዳልን እናንተም ታውቃላችሁ።

ልጨርስ። ባለፈው ክረምት ዕቃ ሳገላብጥ ያቺን ስኩዌር ወረቀት አገኘኋት። ቢሮ ስቀይር ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተጠቅልላ መጥታለች። ይኸው ይዣታለሁ። 11 ደቂቃ፤ 10 ደቂቃ ተኩል። የእጅ ጽሑፉን ገና ሳየው ነው ያወቅሁት።

ባሬት በሺህ ሰው ፊት ተንበረከከ። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። እኔ ድንጋይ አልያዝኩም፤ ወገቤም አይችል። ወረቀቷን ግን ይዣለሁ። ወንድሜ፣ አንተ ልክ ነበርክ፤ እኔም በዚያው ሳምንት አውቄው ነበር። ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። የዚያን ወጣት ሱቅ ፈልጌ ሄጄ ነበር፤ ቦታው ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። እትዬም ካረፉ ቆይተዋል፤ የሁለቱን ዕዳ ለማን እንደምከፍል አላውቅም። ያንተን ግን በእነዚህ ሁሉ ወንድሞችና እህቶች ፊት ይቅርታ እልሃለሁ። ስብሰባው ሲያልቅ በሩ ጋ እጠብቅሃለሁ፤ ቡናው በእኔ ነው።